ጨው የማይነካው መንገድ

አውሮራ፣ ኖቬምበር 24 ቀን 1996

ለኡበይዳ፣

ሰላምታዬ ካንተ አልፎ ለወንድምህ ለጠልሀም ይድረስ። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፣ ከጣቶቼ በስተቀር። አካፋ ይዘው ውለው አሁን ብዕር አንይዝም ብለዋል፤ ጽሑፌ ከተጣመመ እነሱን ውቀስ።

ጨው በትነሽ መገላገል ስትችይ ለምን ከአካፋ ጋር ትታገያለሽ ላልከኝ፣ መልሱ አጭር ነው። የምጦራቸው እማማ ኤድና ጨው አይወዱም፤ በምግብም ላይ፣ በመንገድም ላይ። ከቤቱ ደጃፍ እስከ ፖስታ ሳጥኑ በሚወስደው የእግር መንገድ ዳር ሟች ባለቤታቸው የተከሏቸው የፕሪም ዛፎች አሉ። ጨው ከቀለጠው በረዶ ጋር ወደ ሥሮቻቸው ይወርዳል ይላሉ። የአውሮራ አፈር ድሮም ጨዋማ ሸክላ ነው፣ ዝናቡ ጥቂት ስለሆነም አጥቦ የሚወስድለት የለም። የጎረቤታችን ጥድ ወደ አስፋልቱ የዞረው ጎኑ ብቻ እሳት የነካው ይመስል ቀልቶ አሳይተውኛል። እኔ ጨው የሚያቃጥለው ቁስል ብቻ ነበር የሚመስለኝ።

ልጃቸው ግሌን ደግሞ፣ ዳውንታውን ዴንቨር ቢሮ ያለው ሰውዬ፣ የራሱ ሕግ አለው። እናቴ አንድ ቀን ከወደቀች ነርሲንግ ሆም፣ የአረጋውያን መጦሪያ፣ ትገባለች፣ ቤቱም ይሸጣል ብሏል። እንግዲህ አስበው፤ እናትየው ጨው አይነካ ይላሉ፣ ልጁ በረዶ አይታይ ይላል፣ በመሃል እኔ አለሁ።

ልምጣና ልርዳሽ ማለትህን ወድጄዋለሁ፤ ግን ይህ ቤት እንግዳ ወንድ አይቀበልም፣ ሱቁንም ለጠልሀ ብቻ ጥለህ የትም አትሄድም። ከረመዳን በኋላ በሸዋል ወር እኔ ሲያትል መጥቼ ኒካሓችን ይታሰራል ብለናል፣ ቃሌ ቃል ነው። ማንም ባላስጠጋኝ ጊዜ፣ የመኖሪያ ወረቀቴ እንኳ ሳይስተካከል፣ ክፍል የሰጡኝ እሳቸው ናቸው። ሳይወድቁ ለሌላ ሰው ካስረከብኳቸው ልቤ ሳይከፈል እመጣለሁ።

ሳቢራ

—

ሲያትል፣ ዲሴምበር 8 ቀን 1996

ለሳቢራ፣ ለአካፋዋ እመቤት፣

ከበረዶው በፊት ሰላምታዬ ይቅደም። ጠልሀ ደህና ነው፣ ሱቁም ደህና ነው፣ እኔም ከቲማቲም ሳጥን ጋር ሲታገል ከከረመው ወገቤ በቀር ደህና ነኝ። ዝናቡም እንደወትሮው ነው።

አመድ ሞክሪ። ሰፈራችን ክረምት ጭቃው ሲያዳልጥ እናቴ የምድጃ አመድ ከደጅ እስከ አስፋልቱ ትበትን ነበር። ከጎረቤታችን ከሰካራሙ ወልደሚካኤል በቀር ማንም ሲወድቅ አላየሁም፤ እሱም በደረቅ መሬት የሚወድቅ ሰው ነበር። እማማ ኤድና የእሳት ማንደጃ አላቸው ብለሽኛልና አመዱ በነፃ ነው። አንድ ደንበኛችን ደግሞ የድመት አሸዋ ነው መድኃኒቱ ይለኛል፤ ድመት በረዶ ላይ ምን ትሠራለች ብዬ እስክጠይቀው ድረስ እኔም አልገባኝም ነበር፤ ለካ የቤት ድመት የምትጸዳዳበት አሸዋ ኖሯል።

በልጅነትሽ እጅሽ ብርድ አይችልም ነበር ወይ ያልኩሽ ዝም ብዬ አይደለም፤ ጓንት ልኬልሻለሁ። ስልክ አትደውል ያልሽው ገብቶኛል፤ ስልኩ አልጋቸው ራስጌ ከሆነ እኔም በሴትየዋ ጆሮ ፍቅሬን አልገልጽም።

ግን አንድ ነገር በተደጋጋሚ ጠይቄሽ በተደጋጋሚ ስለ በረዶ መልሰሽልኛል። እንደምትሄጂ ነግረሻቸዋል ወይ? ምትክ ሰው በጊዜ ካልፈለጉ የመጨረሻ ቀን ላይ እጅሽን ይዘው ያስቀሩሻል። ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ ይባላል፤ አንቺም ለራስሽ ስትይ ተናገሪ።

ኡበይዳ

—

አውሮራ፣ ጃንዋሪ 5 ቀን 1997

ለኡበይዳ፣

ጓንቱ ልክ ሆነልኝ። እጄን ሳትለካ እንዴት እንዳወቅህ አልጠይቅህም።

አመድህ ተሞክሯል። እግር አያዳልጥም፣ በዚህ እናትህ ልክ ናቸው። ግን ጫማዬን ተከትሎ ገብቶ የሳሎኑን ነጭ ምንጣፍ አጥቁሮት ግማሽ ቀን ተንበርክኬ ሳሽ ዋልኩ። እማማ ኤድናም ይህ አፈር ድሮም አመድ አመድ ይላል፣ አትጨምሪበት አሉኝ። የድመቱ አሸዋ ከእጅ አይሻል ዶማ ሆነ፤ በረዶው ሲረጥብ አብሮ ላቁጦ እንደ ሊጥ ተጣበቀ። ከዚያ እሳቸው ራሳቸው ከኮምጣጤና ከኖራ ድንጋይ የተሠራ፣ ዛፍ የማይጎዳ የተባለ ነጭ ፍሬ በከረጢት አስመጡ። ለዘብ ባለ ቀን ይሠራል። ብርዱ ሲጠና ግን እሱም ከእኛ ጋር ይንቀጠቀጣል።

አሁን መላውን አግኝተናል። በረዶው ሰው ሳይረግጠው ቶሎ መጥረግ፤ ከተረገጠ ጠጥሮ ይጣበቃል። ከዚያ ሸካራ አሸዋ መበተን። አሸዋ አያቀልጥም፣ እግር ይይዛል እንጂ፤ ማቅለጡን ለፀሐይ ትተነዋል። ፀሐይ እንድትደርስለት ብዬም ደጃፉ ላይ የነበረውን ቁጥቋጦ ከረከምኩት። መንገዱ ዳር ያለውን ትልቁን ጥድ ግን አላስነኩኝም፣ ከሥሩ ያለው ቦታ ቀኑን ሙሉ ጥላ ነው፤ እዚያ አሸዋውን እጥፍ አደርገዋለሁ። ፖስተኛው በዚህ ሰፈር እንደ ሰው የምራመደው እናንተ ደጅ ብቻ ነው አለኝ። ኮራሁ፣ ምን ልዋሽህ።

ነግሬያቸዋለሁ፤ እንኳን ደስ አለህ። "ሰውየው ጥሩ ሰው ነው?" አሉኝ። ነው አልኳቸው። "እንግዲያው ሂጂ። ግሌንን ሰው ፈልግ እለዋለሁ" አሉና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ያን ቀን እራት አልበሉም። አንተ ተናገሪ አልክ እንጂ ከተናገርኩ በኋላ ምን እንደምሆን አልነገርከኝም።

ረመዳን ሊገባ ነው። አላህ በሰላም ያስጨርሰንና በሸዋል ያገናኘን።

ሳቢራ

—

አውሮራ፣ ፌብሩዋሪ 2 ቀን 1997

ለኡበይዳ፣

ይህ አጭር ነው፣ አፉ በለኝ። እማማ ኤድና ሆስፒታል ናቸው። የምጽፍልህም አልጋቸው አጠገብ ተቀምጬ ነው፤ ቀዶ ጥገናው ተሳክቷል ይላሉ። ኒካሑ ይቆይ። እስከ መቼ እንደሆነ አላውቅም፣ ለሽማግሌዎቹ ታማለች በላቸው፣ ማን እንደታመመ ከጠየቁህ አንተ ታውቃለህ።

የመጨረሻው ደብዳቤህ ደርሶኛል። እስካሁን አልከፈትኩትም። ለምን እንዳትለኝ።

ሳቢራ

—

ሲያትል፣ ፌብሩዋሪ 12 ቀን 1997

ለሳቢራ፣

ዒድ ሙባረክ። ዒድን ያሳለፍኩት ለሦስት ሽማግሌ አንድ ዓይነት ውሸት ሦስት ቦታ እየደገምኩ ነው። ለምን እንዳትለኝ አልሽ፤ እኔ ግን እልሻለሁ።

የሰው እናት ስትታመም ማዘንሽ ደግነትሽ ነው፣ እኔም የወደድኩት እሱን ነው። ግን ሰው የታመመ ሰው ስላስታመመ የእጮኛውን ደብዳቤ ሳይከፍት አያስቀምጥም። ቀዶ ጥገናው ምንድን ነው? ልብ ነው? ሆድ ነው? ለአካፋው አንድ ገጽ፣ ለድመት አሸዋው አንድ ገጽ ጽፈሽልኝ፣ ለዚህ አራት መስመር? ጠልሀ ሌላ ሰው መጥቶ ይሆናል አለኝ። ተቆጣሁት፣ ማታ ግን ሳስበው አደርኩ። ይህን መጻፌ ያሳፍረኛል፣ አለመጻፌ ግን ያሳብደኛል።

እውነቱን ጻፊልኝ፤ ምንም ይሁን።

ኡበይዳ

—

አውሮራ፣ ፌብሩዋሪ 20 ቀን 1997

ለኡበይዳ፣

ሌላ ሰው የለም። ለጠልሀ ከሰላምታ ጋር ይህን ንገርልኝ።

እማማ ኤድና ወድቀው ዳሌያቸው ተሰብሯል። የጣልኳቸው እኔ ነኝ።

በጃንዋሪ ማለቂያ እዚህ ሞቃት ነፋስ ከተራራው ይወርዳል፤ ሸሚዝ ብቻ ለብሰህ ትወጣለህ። በረዶውን ጠራርጎ ወሰደው። አሸዋዬ ግን ቀረ፤ ደርቆ አቧራ ሆነና በር በተከፈተ ቁጥር ሳሎን ይገባል፣ እማማ ኤድና ያስላሉ። እና እኔ ምን ላድርግ? እናቶቻችን በበጋ ጠዋት ጠዋት የሚያደርጉትን አደረግኩ። ደጁን ጠረግኩና በባልዲ ውሃ ይዤ፣ በእጄ እየዘገንኩ፣ ከደጃፉ እስከ ፖስታ ሳጥኑ ረጨሁት። አቧራው ተኛ። አፈሩ ሸተተኝ፣ ጾሙ ራሱ ቀለለኝ። ከእናቴ ደጅ አቧራ ሲነሳ ተቀምጠሽ ታያለሽ ወይ ተብዬ ያደግኩ ሰው፣ ውሃ ረጭቶ ሰው ይጎዳል ብዬ እንዴት ልጠርጥር? የዚህን አገር ሰው ብትጠይቅ በጃንዋሪ ደጁን ውሃ የሚረጭ አንድ አታገኝም።

ፀሐይ ያለበት ወዲያው ደረቀ። ጥዱ ሥር ያለው አልደረቀም። ፀሐይ ስትገባ ብርዱ ተመለሰ፣ የረጨሁት ውሃ መስታወት ሆነ፣ አሸዋውም ከሥሩ ተቀበረ። እኔ አፍጥሬ መግሪብ እየሰገድኩ ነበር። እማማ ኤድና ከሰዓት በኋላ ፖስተኛው ሲያልፍ አይተው ኖሮ፣ ልጅቷ ጾማ ውላለች፣ ደብዳቤ መጥቶላት ከሆነ ላስደስታት ብለው ካፖርታቸውን ደርበው ወጡ። ወደ ቀኝና ወደ ግራ አሰላምቼ ሶላቴን ስጨርስ በሩ ተከፍቷል።

መሬት ላይ ሳገኛቸው ደብዳቤህ በእጃቸው ነበር፣ ከደረታቸው ላይ ይዘውታል። "አልረጠበም" አሉኝ። አሁን ለምን እንዳልከፈትኩት ገባህ።

ዛፎቹ በጨው ደርቀው እሳቸው ቢቆሙልኝ ይሻል ነበር ብዬ አስባለሁ፣ ግን ይህን ለእሳቸው ብናገር ይቆጣሉ። አሸዋው አልነበረም ጥፋተኛው፣ አሸዋውማ እግር ይዞ ነበር።

ለግሌን የሳሎኑ ምንጣፍ አደናቀፈኝ አሉት። እኔ አጠገባቸው ቆሜ ነበር፣ አፌን አልከፈትኩም። ነርሲንግ ሆም ሊያስገባቸው ተነስቶ ነበር፣ ሐኪሙ ቤት የሚያስታምም ካለ ይችላሉ ሲል "ሳቢራ አለች" አሉ። ግሌንም "እሷ እስካለች ድረስ ብቻ" ብሎ ተስማማ። ሲወጣ እጄን ያዙና "ይህን የምናውቀው አንቺና እኔ ብቻ ነን" አሉኝ፣ ፈገግ ብለው። ፈገግታው ፍቅር ይሁን ቁልፍ እስከ ዛሬ አላወቅኩም። ጠይቄ ማወቁንም ፈራሁ።

ከሄድኩ ይወስዷቸዋል። ጥዬ ሰብሬ ደግሞ ከቤታቸው ላስወጣቸው?

ሳቢራ

—

ሲያትል፣ ማርች 1 ቀን 1997

ለሳቢራ፣

ስለጠረጠርኩሽ አፉ በይኝ። ጠልሀም አፉ በይኝ ብሏል፣ ደብዳቤሽን ስነግረው ሱቁን ትቶ ውጭ ወጣ። ያን ደብዳቤ እኔ በዚያ ሳምንት ባልጽፈው ኖሮ ሴትየዋ አይወጡም ነበር፤ እንግዲህ ጥፋት ስንካፈል የኔንም ድርሻ አትውሰጂብኝ። አሁን ክፈቺው። ውስጡ ያለው የቀለበትሽን ልክ የሚጠይቅ ነው፣ ሌላ ነገር የለውም።

እነግርሻለሁ፣ ተቆጪም አትቆጪም። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። ቤቱ መጀመሪያ በደግነት ያዘሽ፣ ቀጥሎ በአሸዋው ኩራት፣ አሁን ደግሞ በጥፋትሽ። እሳቸው የዋሹት ለአንቺ ይሁን ለራሳቸው እኔም አላውቅም፤ ግን የሰው ሐቅ አንገትሽ ላይ አንጠልጥለሽ ኒካሕ አትገቢም፣ እኔም አልፈልግም። ልጁን ቁጭ አድርገሽ እንዳለ ንገሪው። ካባረረሽ ተገላገልሽ፣ አፉ ካለሽም ተገላገልሽ። ከሁለቱ በአንዱ በሩ ይከፈታል።

ፈሪ እንዳልሆንሽ አውቃለሁ።

ኡበይዳ

—

አውሮራ፣ ማርች 16 ቀን 1997

ለኡበይዳ፣

እንዳልከኝ አድርጌያለሁ። በሩ ግን አልተከፈተም።

እማማ ኤድና እንቅልፍ ሲወስዳቸው ግሌንን ወጥ ቤት ጠርቼ ከባልዲው ጀምሬ እስከ ጥዱ ነገርኩት። እንግሊዝኛዬ ሲደነግጥ እንዴት እንደሚሆን ታውቃለህ። ሳያቋርጠኝ ሰማኝ። ከዚያ "አውቃለሁ" አለኝ። በወደቁበት ማታ ካፖርታቸውን ከሆስፒታል ተቀብሎ ኖሮ፣ ጀርባው ውሃና አሸዋ ነበር። "ሳሎናችን ውስጥ አሸዋ የለም" አለኝ። ወደ ቤት ሲመጣም ጥዱ ሥር ባትሪ አብርቶ አይቶታል።

ታዲያ ለምን ዝም አልክ አልኩት። እንደ ክፉ ሰው አልመለሰልኝም፣ ያ ነው የከፋው። "ያጠፋ ሰው ይበልጥ ይጠነቀቃል፤ ቶሎም አይሄድም" አለኝ። አባቴን ነርሲንግ ሆም ያስገባሁት እኔ ነኝ፣ እናቴን እዚያ ማየት አልችልም፣ አንቺ ካለሽ ማታ እተኛለሁ አለ። አይኑ ቀላ። ልቆጣው ነበር፣ አሳዘነኝና ሻይ ቀዳሁለት።

ስለዚህ እሳቸው ይዋሻሉ፣ እሱ ያውቃል፣ እኔ የደበቅኩ መስሎኝ እብሰለሰላለሁ፤ ሁላችንም በአንድ ቤት ውስጥ አንድ ነገር ደብቀን ስንተያይ ከርመናል። ነግሬ ቀለለኝ ወይ ትለኝ ይሆናል። አልቀለለኝም። ጥፋቱ ነበር የያዘኝ ብዬ ነበር፤ ጥፋቱን አስረክቤ ባዶ እጄን ወደ ክፍላቸው ስመለስ ነቅተው በዎከር፣ በብረት መደገፊያቸው፣ ብቻቸውን ሊነሱ ሲታገሉ አገኘኋቸው። ሮጬ ያዝኳቸው። እኔን የያዘኝ ያ ነው።

ግሌን ደግሞ አንድ ነገር አለ፣ መጻፍ ስላለብኝ ልጻፈው። ባልሽ ይምጣ፣ ቤዝመንቱን፣ ምድር ቤቱን፣ ለሁለታችሁ አድሳለሁ፣ እሱም መንገዱንና ግቢውን ይያዝ አለ። አንተን በአካፋ ሳስብህ ሳቅኩ። ከሳቄ በኋላ ግን፣ እውነቱን ልንገርህ፣ እሺ ቢልስ ብዬ ተመኘሁ። መልስህን ጻፍልኝ።

ሳቢራ

—

ሲያትል፣ ማርች 25 ቀን 1997

ለሳቢራ፣

አልመጣም።

ተቆጥቼ ጽፌ ቀድጄዋለሁ፣ ይህ የቀዘቀዘው ነው። አካፋ ንቄ አይደለም፣ እዚህም ሳጥን ነው የምሸከመው። ግን ቤዝመንት ውስጥ ገብተን፣ ልጅ ወልደን፣ ከላይ የእግር ኮቴ ስናዳምጥ፣ ወድቀው ይሆን እያልን ልንኖር ነው? ቤቱ አንቺን ይዞ አልበቃው ብሎ እኔንም ልትጨምሪለት ነው። ሦስታችሁም ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ስትባባሉ ከረማችሁ፤ እኔ አራተኛ አልሆንም።

እሳቸውን ጥለሽ ነይ አላልኩም። ሰው ፈልጊላቸው። አውሮራና ዴንቨር ውስጥ ሥራና ማደሪያ ያጣች አንዲት ሀበሻ ጠፍታ ነው? ግሌን አይፈልግም፣ እሱ አንቺን አግኝቷል። አንቺ ፈልጊ። መንገዱን አስተምሪያትና ውጪ።

ቀን አልቆርጥልሽም። ሸዋል አልፏል፣ ሽማግሌዎቹም መጠየቅ ትተዋል። እኔ ግን እጠይቃለሁ፣ ገና አልደከመኝም። እንዲደክመኝ አታድርጊ።

ኡበይዳ

—

አውሮራ፣ ኤፕሪል 13 ቀን 1997

ለኡበይዳ፣

አውቶቡሱ ሐሙስ ጠዋት ከዴንቨር ይነሳል። ቅዳሜ ጣቢያው ድረስ ና፣ ሱቁን ለጠልሀ ተውለት።

ሰው አገኘሁ። ሠርካዲስ ትባላለች፣ የጴንጤ ቸርች ሰዎች ቶርንተን ከተማ ቤታቸው ሶፋ ላይ አስጠግተዋት ነበር፤ ሰው በሚበዛበት ቤት፣ ልብሷ በፌስታል። ልጇ ኤቢ አዲስ አበባ አያቱ ጋ ቀርቷል። ወረቀቷ የኔ ያኔ እንደነበረው ነው፣ መልስ አልመጣላትም። የሀበሻ ሱቅ ያላት ዘሪቱ አገናኘችን። ግሌን አይቷት ባንድ ቀን እሺ አለ፤ እንዲያ ቶሎ እሺ ማለቱ ትንሽ አስከፋኝ፣ ሰው መቼም ሞኝ ነው።

እማማ ኤድና ምን አሉ ትለኝ ይሆናል። ከጥቂት ቀን በኋላ አስጠሩኝና "መንገዱን በደንብ አስተምሪያት" አሉ። ስስማቸው ጉንጫቸውን አላዞሩብኝም፣ እጃቸውን ግን ከብርድ ልብሱ አላወጡም።

ትናንት ትልቅ በረዶ ጥሎ ነበር፣ የኤፕሪል በረዶ እርጥብና ከባድ ነው። ሠርካዲስን ይዤ ወጣሁ። ሰው ሳይረግጠው ጥረጊ፣ ጥግ ጥጉን በዚህ ፋቂ፣ አሸዋውን እንዲህ እንደ ዘር ሳሳ አድርገሽ በትኚ፣ ሲደርቅ በመጥረጊያ ሰብስበሽ ባልዲው ውስጥ መልሺው፣ ለሚቀጥለው ይሆንሻል፣ ጨው በጭራሽ። ጎበዝ ናት፣ አንዴ የነገርኳትን አትረሳም። ዛሬ ፀሐይ ወጣ፣ መንገዱ ደረቀ፣ ነፋሱም አቧራውን ማንሳት ጀመረ። ሻንጣዬን እያሰርኩ በመስኮት ሳይ ሠርካዲስ በባልዲ ውሃ ሞልታ ደጃፉ ላይ ቆማለች፣ እጇን ልትነክር። ማንም አልነገራትም። ከእኔ የተማረችው ነገር አይደለም፣ ከራሷ እናት ነው።

በባዶ እግሬ ሮጬ ወጣሁ፣ ባልዲውን ተቀብያት ፕሪሙ ሥር ደፋሁት። "አቧራው እኮ ቤት እየገባ ነው" አለችኝ፣ ደንግጣ። ማታ ይበርዳል፣ ጥዱ ሥር በረዶ ይሆናል፣ እሳቸው ይወድቃሉ አልኳት። ሌላውን፣ የእኔን ባልዲና ይህ ቤት ሰው እንዴት እንደሚይዝ፣ ልነግራት አፌን ከፈትኩ። ደግሞ ሶፋውን አሰብኩት፣ ፌስታሉን አሰብኩት፣ አንተን ጣቢያ ቆመህ አሰብኩህ። ዘጋሁት።

ባዶውን ባልዲ ከእጄ ወሰደችና ትከሻዬን ሳመችኝ። "ጌታ ይባርክሽ፣ እህቴ። በር ሁሉ ተዘግቶብኝ ነበር፣ አንቺ ከፈትሽልኝ" አለች። ከዚያ እንደ ዋዛ፣ "ለስንት ጊዜ ነው ግን ሥራው?" ብላ ጠየቀችኝ።

"እሳቸው እስካሉ ድረስ ነው" አልኳት።

"እንግዲያው ዕድሜ ይስጥልኝ" አለች፣ ከልቧ። እኔም አሜን አልኩ። ቀና ብዬ ላያት ግን አልቻልኩም።

ሳቢራ